ጎርፍ ቤት ሲገባ

ሰፈሩ ሁሉ «ኳኳቴ» ይለዋል። ሥራው የፊልም ድምፅ መሥራት ነው። የቆዳ ጓንት ሲያራግፍ ወፍ ትበራለች፤ ጥቅል ጎመን ሲጠመዝዝ የሰው አጥንት ይሰበራል። አርባ ዓመት ያለፈው ሰውዬ ጎመን እየጠመዘዘ መኖሩ ግን ለእናቱ አልተዋጠላትም። ጎረቤት ሲጠይቃት «ቢሮ ነው የሚሠራው» ብላ ታልፈዋለች።

ዘንድሮ ከጎርፍ ስለሚተርፍ ቤተሰብ የሚተርክ የካርቱን ተከታታይ ፊልም ደረሰው። አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጆችና አንዲት ግትር ፍየል አሉበት። ውሃው ቤት ለሚገባበት ትዕይንት ሁለት አሮጌ ድስቶች ገንዳ ውስጥ አንሳፍፎ ድምፃቸውን ቀዳ።

አዘጋጇ፣ በዕድሜ ልጁ የምትሆን ቀልጣፋ ሴት፣ ሰምታ ሳቀች። «ጋሼ ሙት፣ ጎርፍ እኮ ማጓራት አለበት! ኮምፒውተሩ ላይ ስንት ዓይነት ሞልቶልናል።»

ኮምፒውተሩ ዛሬ ጎርፉን ከወሰደ ነገ ወፉንም አጥንቱንም እንደሚወስድ፣ እሱም ጎመኑን ታቅፎ ቤቱ እንደሚገባ አልጠፋውም። ስለዚህ ተቀምጦ አጫወታት።

ስድስት ዓመቱ ነበር። እናቱ ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳለች ማዕድ ቤት ውስጥ ድስቶች ቀስ እያሉ ሲጋጩ ሰማች። «አንተ ልጅ፣ ድስቶቹን ተው!» ብላ ጮኸችበት። እሱ ግን አጠገቧ ተኝቷል። እግሯን ብታወርድ ውሃው ቅልጥሟ ድረስ መጣ። ልጇን አዝላ፣ ሁለት ድስት በእጇ አንጠልጥላ ጎረቤት ፎቅ ላይ ወጣች። ድስቶቹ ባይጋጩ ኖሮ ሁለቱም እንቅልፍ ላይ እንዳሉ ያልቅላቸው ነበር።

«እንግዲያው እናትህ መጥተው ይስሙት» አለች አዘጋጇ። «እሳቸው ካላወቁት የኮምፒውተሩን አስገባለሁ።»

በማግስቱ እናቱ እያጉረመረመች መጣች። «ድስቶቼ ከጠፉ ሦስት ቀናቸው። ያቺ ጎረቤታችን ናት የወሰደቻቸው፤ ሰላምታም ነፍጌያታለሁ!»

ልጇ ወንበር ሰጣትና አጠገቧ ተቀመጠ።

ፊልሙ ተጀመረ። የካርቱኗ እናት ተኝታለች፤ ውሃ ገና የለም። ከማዕድ ቤቱ በኩል ኳ አለ። ትንሽ ቆየና ኳ፣ ኳ።

እናቱ ሁለቱንም እግሯን ከወለሉ አንስታ ወንበሩ ላይ ሰበሰበች።

«አንተ ልጅ፣ ድስቶቹን ተው!»

እንባው ሳያስበው መጣ። አዘጋጇ የተሰበሰቡትን እግሮች አየች፤ ደረቁን ወለልም አየች።

«የኮምፒውተሩ ይቅር» አለች።

እናቱ እግሯን ቀስ ብላ ካወረደች በኋላ ዞራ ልጇ ላይ አፈጠጠችበት።

«ቆይ እስቲ፣ ይሄ የራሴ ድስት አይደል እንዴ? አሁን ያቺን ሴትዮ በምን ዓይኔ ልያት?»