ጃኬት ውስጥ የተደበቀው ጠርሙስ

ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም. ሁዳዴ ጾም፣ እዚሁ ካምፓላ ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል፤ ወዲያው ደግሞ ብቻዬን እስቃለሁ።

ቡጎሎቢ ሰፈር በተከራየኋት አንዲት የጓሮ ክፍል እንጉዳይ አበቅላለሁ። ከአገሬ ተሰድጄ ከመጣሁ ወዲህ የምተዳደረው በእሱ ነው። ዋና ደንበኛዬ እትዬ አበባ ናቸው፤ የሐበሻ ምግብ ቤት አላቸው። በጾም ሥጋው ሲቀር የእንጉዳይ ጥብስ ተፈላጊ ነው። ጾሙ ካመለጠኝ ክፍሏን ለቅቄ መውጣቴ ነው።

ያን ዓመት ጾሙ ሊገባ ሲል እንጉዳዬ ቡናማ ነጠብጣብ እያወጣ ይበሰብስ ጀመር። ዋንዴገያ የምትኖር አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ "በሽታውን ያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ የሚያሸንፈውም ሌላ ባክቴሪያ ነው" ብላ ራሷ ያራባችውን በጠርሙስ ሰጠችኝ። ውኃ ላይ ጨምሬ ረጨሁት። አዲስ የበቀለው ነጭና ጤነኛ ሆኖ ወጣ።

ደስታዬ አላስችል ብሎኝ ለጋሽ መርዕድ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። እሳቸውም እንጉዳይ አብቃይ ናቸው፤ እንደ ታላቅ ወንድም ነበር የማያቸው። ሰውን ማመን ቀብሮ ነው! በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ "ልጅቷ እንጉዳይ ላይ ጀርም እየረጨች ታበላችኋለች" ብለው አስወሩብኝ። ሰው ገና ከኮሮና ድንጋጤ አልወጣም። እትዬ አበባ ደውለው "ለጊዜው ይቅርብን ልጄ" አሉኝ። ከማን መግዛት ጀመሩ? ከጋሽ መርዕድ!

አልቅሼ አልወጣልኝም። ቀኑን ይስጠኝ ብቻ አልኩ።

ጾሙ ሳይጋመስ ተማሪዋ ቤት ስሄድ በሯ ላይ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ጋሽ መርዕድን፣ እንደኔው ዓይነት ጠርሙስ ይዘው! ለካ በሽታው እሳቸውም ቤት ገብቷል። ሲያዩኝ ጠርሙሱን ጃኬታቸው ውስጥ ወሸቁት።

"ወዴት ነዎት ጋሼ?"

"እ... እትዬ አበባ ጋ፣ እንጉዳይ ላደርስ።"

"እኔም ወደዚያው ነኝ፤ አብረን እንሂድ።"

እንዳያመልጡኝ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ከኋላቸው ተፈናጠጥኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ስለነበር ምግብ ቤቱ በጾመኛ ጢም ብሏል። ሰው ሁሉ እንዲሰማ "ጋሼ፣ እንጉዳይዎ ላይ ሊረጩት ጃኬትዎ ውስጥ የያዙትን እስቲ ያሳዩን" አልኩ። መውጫ አልነበራቸውም፤ አወጡት።

"ይሄ ያ ጀርም የተባለው ነው?" አሉ እትዬ አበባ። ሊጎርስ የነበረው ሁሉ እጁን ሰበሰበ።

ጋሽ መርዕድ አላባቸው። "ኧረ እትዬ! ጥሩው ባክቴሪያ እኮ ነው፤ መጥፎውን ያጠፋል እንጂ ሰው አይጎዳም። ሊጥ የሚያቦካውስ እንዲህ ዓይነቱ አይደል?" እኔ ያስረዳኋቸውን፣ ቃል በቃል!

"አልሰማሁም ጋሼ፤ ጮክ ብለው ይድገሙልን" አልኩ።

ደገሙት።

እትዬ አበባ ከማግስቱ ጀምሮ እንዳመጣላቸው አዘዙኝ፤ ክፍሌም ተረፈች። በኋላ ያስታረቁን ሽማግሌዎች "ትልቅ ሰው በሰው ፊት ማስደገምሽ ግን በዛ" ይሉኛል። እኔን የሚቆጨኝ ለሦስተኛ ጊዜ አለማስደገሜ ነው።