የአባቴ መኪና ዘይት

የተቃጠለ የሞተር ዘይት በሳሙና አይለቅም። በአመድ ብትፈትጉት፣ በሎሚ ብታሹት ጥፍር ሥር አንድ ጥቁር ክር ይቀራል፤ ሽታውም እስከ ማግስቱ ከእጅ አይጠፋም። ዛሬ ጠዋት ደብረ ታቦር፣ እናቴ ግቢ ውስጥ የአባቴን መኪና ዘይት ቀይሬ፣ እጄን ታጥቤ ለቁርስ ስቀርብ ሽታው ከወጡ ቀድሞ አፍንጫዬ ገባ። እንዲህ በሆነ ቁጥር አጎቴ ይመጡብኛል፤ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ከአባቴ ፒክአፕ ሥር እግራቸው ብቻ ወጥቶ።

አባቴ ሾፌር ነበር። ሲሞት እኔ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ከእሱ የቀረችን ያቺ አሮጌ ፒክአፕ ናት። እናቴ መንዳት አትችልም፣ መሸጥ ደግሞ አይታሰብም፤ ጠዋት ጠዋት መስታወቷን በነጠላዋ ጫፍ ትወለውላት ነበር። ችግሩ አባቴ መኪናዋን የገዛት ከታላቅ ወንድሙ ጋር በጋራ የነበሯቸውን በሬዎች ሸጦ መሆኑ ነው። እናም እናቴ፣ ዋርሳዋ አጎቴ አንድ ቀን "ድርሻዬን" ብለው መጥተው መኪናዋን ይወስዱብኛል የሚል ስጋት ገብቷት አልወጣ አላት።

አጎቴ በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲጠነክር፣ ከእብናት በኩል በጠዋቱ አውቶቡስ ይመጣሉ። ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ ኮታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ይሰቅሉና "ዘይቷን ልቀይር" ይላሉ።

"ይችማ ከቆመች ሰነበተች፤ ዘይቷ ምን ሆነ ብለው ነው?" አለቻቸው እናቴ በመጀመሪያው ጊዜ።

"ቆሞም ያረጃል፣ እቴ።"

በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። እናቴ ደግሞ ዝምተኛ ሰው አታምንም። ወደ ጓዳ ጎትታ አስገባችኝና "ሂጂ አጠገባቸው ቁሚ" አለችኝ። "ምን እንደፈቱ፣ ምን እንደመለሱ እዪ። ዓይንሽን እንዳትነቅይ።" እሷም ሥራ አገኘሁ ብላ፣ ከመኪናዋ ጥቂት ራቅ አድርጋ የብቅል ስጥ አሰጣች። ሆን ብላ ነው፤ ዘይት ጠብ ቢል ሰበብ እንዲሆናት። እሷ እስከ ዛሬ ትክዳለች፣ እኔም እስከ ዛሬ አላምናትም።

አጎቴ ግን ምን ቢጠበቁ የሚያስይዙ ሰው አልነበሩም። ከጎረቤት ሾፌር ባትሪ ተውሰው ሞተሩን ያስነሳሉ፤ ለብ ሲል ያጠፉታል፤ ዘይት ለብ ካላለ ቆሻሻውን ይዞ አይወርድም። ጎማዋን በድንጋይ ያስደግፋሉ። ከሥሯ አመድ ይነሰንሳሉ፣ በላዩ የማዳበሪያ ከረጢት ያነጥፋሉ፣ ጎኑ የተቆረጠ ጀሪካን ያስቀምጣሉ። የማፍሰሻውን ብሎን በቁልፍ አላልተው፣ ቀሪውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው እንደያዙ በጣታቸው ያዞሩታል። ብሎኑ ሲለቅ እጃቸውን ፈጥነው ይስቡታል፤ ዘይቱም ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ፊልትሮውን፣ የዘይቱን ማጣሪያ፣ የሚፈቱት ፌስታል አልብሰው ነው። አዲሱን የሚጨምሩት ደግሞ አንገቱን ቆርጠው በደፉት የውሃ ፕላስቲክ ነው። ጸሐይ ባሕር ዛፉን አልፋ ሳታሞቀን ያልቃል። ከረጢቱ ላይ አንዲት ጠብታ የለችም፣ ብቅሉም እንዳለ ነው።

"አባትሽም እንዲህ ነበር የሚያደርግ" አሉኝ አንድ ጊዜ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ።

እናቴን ያንገበገባት ከዚያ በኋላ ያለው ነበር። አጎቴ አሮጌውን ዘይት በቢጫ ጀሪካን ይሞሉና አፉን በፌስታል ጠፍረው ይዘውት ይሄዳሉ። የተቃጠለ ዘይት ጭኖ እብናት ድረስ! ለምኑ? ጠይቂያቸው ብላት "አልለምናቸውም" አለች። ጎረቤታችን ግን መልስ ነበራት።

"የሟች ነገር ከቤት ሲወጣ ዝም ትያለሽ? አስደግመውበት ልብሽን ቢያዞሩትስ? በገዛ እጅሽ ነው መኪናዋን የምታስረክቢያቸው።"

ከዚያ ወዲያ እናቴ እንቅልፍ አጣች። በቀጣዩ ዓመት ከዘይት መጭመቂያ ቤት የኑግ ዘይት አተላ አመጣች። በምጣድ ጥላሸት አጠቆረችው፤ ተመሳሳይ ቢጫ ጀሪካን ሞላችና አፉን በፌስታል ጠፈረችው። አጎቴ እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ጓሮ ሲዞሩ ጀሪካኑን ለወጠች። እውነተኛው አልጋዋ ሥር ገባ። ሲመለሱ የእሷን አንስተው፣ እንደ ወትሯቸው አንገታቸውን ሰበር አድርገው ተሰናብተው ሄዱ። በሩ ሲዘጋ እናቴ ሳቀች። ከአባቴ ሞት ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

በዓመቱ አጎቴ ዘይት ሊቀይሩ ሳይሆን ሊጠሩን መጡ። አባቴ የተቀበረው በትውልድ ቀዬው፣ ከእብናት ወዲያ ቆላ በሚቀምሰው አፋፍ ላይ ነው። እናቴ ከቀብሩ በኋላ እግሯን አላነሳችም፤ አልቻለችም። "የዘንድሮውን ሙት ዓመት እዚያው እናድርገው" አሉ አጎቴ።

"በዘመድ ፊት መኪናዋን ሊጠይቁኝ ነው" አለችኝ እናቴ። መንገዱን ሙሉ በልቧ መልስ ስታዘጋጅ፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስንገባ ሙቀቱ ፊታችንን መታን። የመቃብሮቹ የእንጨት አጥሮች አብዛኞቹ ወድቀዋል፤ የቆሙትም በቀይ አፈር ተለብጠው፣ በጣት ሲነኳቸው ይፈርሳሉ። ምስጥ ነው። እኛ ብርድ ላይ ያደግን ሰዎች፣ ጉና ተራራ ሥር ሆነን ምስጥ ምን እንደሚያደርግ ከየት እናውቃለን?

የአባቴ አጥር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጥቁር ነው፤ ጸሐይ ላይ ያብለጨልጫል። ጠጋ ስል ሽታው ወጣ። የአባቴ ካፖርት፣ ማታ ከሥራ ሲገባ የሚያቅፈኝ ክንዱ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

እናቴ መዳፏን አንዱ እንጨት ላይ አሳረፈች። ስታነሳው ጠቁሯል። ከዚያ ጥጉ ላይ ያለችውን፣ ወገቧ ድረስ ተበልታ በድንጋይ የተደገፈችውን እንጨት አየች።

"እችን በላብኝ" አሉ አጎቴ አንገታቸውን ደፍተው። "አምና አዲስ የተከልኋት ናት። ያመጣሁት ዘይት ምስጡን አልመለሰላትም። ስከፍተው ኑግ ኑግ ሸተተኝ።"

"ታዲያ ለምን ቀቡት?" አለች እናቴ።

"ከሱ ቤት የወጣ ነው ብዬ።"

እናቴ ያን ጥቁር እጇን ረስታ ፊቷን ሸፈነች፤ ነጠላዋ ጠቆረ። "ምነው ታዲያ ለምን እንደሆን ቢነግሩኝ?"

"እግርሽ እዚህ አልደርስ ብሎሽ፣ እኔ ደግሞ መቃብር መቃብር እያልሁ ልቀስቅስብሽ?"

በዘመድ ፊት ስለ መኪናዋ ያነሳው ሰው እናቴ ራሷ ሆነች። "ይውሰዷት፣ በሬውም የእርስዎ ነበር" አለቻቸው። አጎቴ ከልባቸው ደነገጡ።

"ምን ልሠራባት? እኔ ዘይቷን መቀየር እንጂ መንዳት መች አውቅና!"

በቀጣዩ ጥቅምት አመዱን የነሰነሰችው እናቴ ናት። ብቅል አልተሰጣም። አጎቴ ሲጨርሱ ከአልጋዋ ሥር የደበቀችውን ጀሪካን አቧራውን ጠርጋ አወጣችና ከአዲሱ ጎን አስቀመጠችላቸው። ሁለቱንም ይዘው ሄዱ።

አሁን አጎቴ ከአባቴ ጎን ተኝተዋል፤ ምስጥ የሚጠበቅለት አጥርም ሁለት ሆኗል። ዘይቱን የምቀይረው እኔ ነኝ። አመዱ፣ ከረጢቱ፣ ፌስታሉ እንደሳቸው ነው፤ እጄ ግን እንደሳቸው አልፈጠነም፣ አንድ ሁለት ጠብታ ያመልጠኛል።

ዛሬም እንደ ወትሮው ጀሪካኑን ልዘጋ ስል እናቴ ምርኩዟን ይዛ መጣች። ዓይኗ ደክሟል። ጎንበስ ብላ አፍንጫዋን አፉ ላይ አደረገች።

"የመኪናዋ ነው?" አለችኝ።

"የመኪናዋ ነው፣ እማዬ።"

አላመነችኝም። ደግማ አሸተተችው።