ያልገጠመው ክፍል

የምሠራበት የቅየሳ ቢሮ አየር ጤና ነው። ቤት በሌዘር እንለካለን። መሣሪያው ክፍሉ መሃል ቆሞ እየዞረ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ ወንበሩን ሳይቀር በነጥብ ይቀዳል። የሚቀዳው ግን ከቆመበት ያየውን ብቻ ስለሆነ በየክፍሉ አንድ ቅጂ ይወጣል። ቅጂዎቹን ኮምፒውተር ላይ አገጣጥሜ አንድ ቤት የማደርገው እኔ ነኝ። ሶፍትዌሩ ሁለት ቅጂ የሚያገናኘው በሁለቱም ላይ የሚታይ ነገር ካገኘ ነው፤ የበር መቃንም ይሁን የግድግዳ ጥግ።

ኮልፌ ውስጥ ለመንገድ ይነሳሉ ከተባሉት ቤቶች አንዱ ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ የሚላቸው የጨርቅ ነጋዴ ቤት ነበር። ምትክ ቦታ ይሰጥዎታል ስለተባሉ፣ ቤቱን እዚያ ልክ እንደ ድሮው ሊሠሩት ፈልገው ወደ እኛ መጡ።

«ባለቤቴ ዓይኗ ከጠፋ ቆየ» አሉኝ። «ይሄን ቤት የምታውቀው በእጇ ነው። ሌላ ቤት ከገባች እንደ እስረኛ ነው የምትቀመጠው።»

በሄድኩ ቀን ሳሎኑንና ማድ ቤቱን ቀዳሁ። ባለቤታቸው አሟቸው ተኝተው ስለነበር ኮሪደሩንና መኝታ ቤቱን ለማግስቱ ተውነው። የማፍረሻው ቀን ገና ነው ተብሎ ነበር።

በማግስቱ ስደርስ ሳሎኑ የለም። ኮሪደሩም የለም። የሚያፈርሰው እስካቫተር አጥሩን ሳይቀር ጠራርጎ መኝታ ቤቱ ጋ ሲደርስ፣ ሰው አለ ተብሎ ቆሟል። ሐጂ በአቧራው ውስጥ የሚስታቸውን ክንድ ይዘው እያወጧቸው ነበር። ባለቤታቸው በነፃ እጃቸው ግድግዳውን ይፈልጋሉ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«የት ነው ያለነው?» አሉ።

ሐጂ ወደ መንገዱ መሯቸው።

የቀረውን ክፍል እስክቀዳ እንዲጠብቀኝ የእስካቫተሩን ኦፕሬተር ለመንኩት። «ቶሎ በይ፣ እኔም ታዝዤ ነው» አለኝ። መኝታ ቤቱን ቀድቼ ወጣሁ። ጀርባዬን እንዳዞርኩ ሞተሩ ተነሳ።

ቢሮ ገብቼ ቅጂዎቹን ጫንኩ። ሳሎኑና ማድ ቤቱ ወዲያው ገጠሙ። መኝታ ቤቱን ግን ሶፍትዌሩ አንዴ ማድ ቤቱ ላይ ይደርበዋል፣ አንዴ ገልብጦ መንገድ ላይ ይጥለዋል። የሚያገናኛቸው ኮሪደር በየትኛውም ቅጂ ላይ የለም። ነጥብ በነጥብ በእጄ ሞከርኩ። ከሥራ በኋላ እየቆየሁ ሞከርኩ። አለቃዬ አይቶ «የሌለ ነገር አይገጥምም፣ ተይው» አለኝ።

ሐጂን ጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥኳቸው። መኝታ ቤቱን በማውስ እየጎተትኩ፣ «እዚህ ጋ ነው፣ ሐጂ?» እላለሁ።

«ትንሽ ራቅ አድርጊው። አይ፣ በዛ። እዚያው ጋ መልሺው።»

ስመልሰው ደግሞ «ይሄ የኔ ቤት አይመስልም» ይላሉ። ሲሠሩት እጃቸው እንጂ ሜትር አልለካውም ነበር። በመጨረሻ መነጽራቸውን አወለቁና «ዕድሜ ልኬን የኖርኩበትን ቤት» አሉ። ሻይ ላዝዝ ብል እምቢ አሉኝ።

የኮሪደሩን ቦታ ባዶ ትቼ ፕላኑን አተምኩና አስኮ ወደተከራዩት ቤት ወሰድኩላቸው። ባለቤታቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ውሃ ሲፈልጉ ሐጂን ይጠራሉ። ሲነሱ ሐጂን ይጠራሉ።

«እማማ፣ ከመኝታ ቤትዎ እስከ ሳሎን ምን ያህል ይሄዱ ነበር?» አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ድምፄ መለሱ። «ምኑን አውቄው ልጄ? ተነስቼ መሄድ ነው፣ እደርሳለሁ።»

ምትክ ቦታው እስከ ዛሬ አልተሰጠም። ባለፈው ስደውል ያነሱት ሐጂ ነበሩ። «ፕላኑን አስቀምጬዋለሁ» አሉኝ። ስለ ባለቤታቸው ስጠይቅ ከአልጋ መውረድ ትታለች አሉ። ደህና ይዋሉ ብዬ ዘጋሁ።