በማሳችን ላይ የተቀመጠው አበባ

የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በላይ ለመማር ላሊበላ ከተማ ቤት መከራየት ያስፈልግ ነበር፤ አባቴ አልቻለም። ዘመናቸውን ሳይጨርሱ የሞቱት የአገሪቱ መሪ ለቀበሌያችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፈቅደው ነበር። የገብስ ማሳችን ታጠረ፤ የመሠረት ድንጋይ ተተከለበት። እሳቸው ሲሞቱ ሥራው በዚያው ቀረ።

ዘንድሮም በሙት ዓመታቸው ሹማምንቱ አበባ ይዘው መጥተው ድንጋዩ ሥር አስቀመጡ። አንዱ "የታላቁ መሪያችን ራእይ ከእኛ ጋር ይኖራል!" አለ። ዘንድሮ ስምንተኛን የምትጨርሰው ታናሽ እህቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። እኔ ሰው ፊት ቀና ብዬ የማላወራ ነኝ፤ ያን ቀን ግን ወደ ተናጋሪው ሹም ቀረብ አልኩ።

"ጌታዬ፣ እኛ አገር ሰው አዝመራውን ሳያነሳ ቢሞት ጎረቤት በደቦ አጭዶ፣ ወቅቶ ለልጆቹ ያስገባል" አልኩት። "ማሳው ላይ አበባ አስቀምጦ አይሄድም።"

አባቴ ነጠላዬን ጎተተ። "አንቺ ልጅ፣ ዝም አትይም?"

"ይተዋት እንጂ!" አሉ አንዲት ጎረቤታችን። "እናንተ ወንዶቹ ዝም ብላችሁ ምን አመጣችሁ?"

ሹሙ ፈገግ አለ። "እህቴ፣ እሳቸው ቢኖሩ ኖሮ ይሄኔ ተሠርቶ ነበር።"

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ መልስ ነው። ማሳችንን አጥረው የያዙት፣ ደመወዝ የሚበሉት በሕይወት ያሉት ናቸው። ሙት አይናገርምና ስንፍናቸውን ሁሉ በእሳቸው ያመካኛሉ፤ ያንኑ ደግሞ ክብር ይሉታል።

ወደ ቤት ስንመለስ እህቴ "እኔም እንዳንቺ ከስምንተኛ ልቀር ነው?" አለችኝ። ለዚህ መልስ መስጠት ያለባቸው አበባ ይዘው የመጡት ናቸው እንጂ የሞቱት መሪ አይደሉም።