ለኢንኦርጋኒክ የተጠራ ወዳጃ

ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ የጣለኝ ኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ነው። መርሳ ከተማ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ፤ የሕፃን ክንድ ላይ ደም ሥር በአንድ ሙከራ የማገኝ፣ ሰው "እሷ ትውጋኝ" ብሎ ተራ የሚጠብቀኝ ነርስ። ዲግሪ ላላቸው የተከፈተው የሕክምና ትምህርት መግቢያ ፈተና ላይ ስቀመጥ ግን፣ ባዮሎጂውን እያንጎራጎርሁ አልፌ፣ እንግሊዝኛውን እንደምንም ገፍቼ፣ ኬሚስትሪው ዘንድ ስደርስ መልሱን በግምት ማጥቆር እጀምራለሁ። በተለይ እነዚያ የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ መካከል የተሰደሩት ብረታ ብረቶች! አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ወይን ጠጅ፣ አንዱ ዛሬ ሁለት ኤሌክትሮን ጥሎ ነገ ሦስት የሚጥል። ጠባይ የላቸውም።

ሦስተኛው የመጨረሻዬ እንዲሆን ለራሴ ምዬ ነበር። ከወደቅሁ "ዶክተር እሆናለሁ" የሚለውን ወሬ እርግፍ አድርጌ ትቼ፣ መርፌዬን ይዤ አርፌ ልቀመጥ።

አብራኝ የምታጠናው ጓደኛዬ እዚያው ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። የወልድያ መካኒክ ልጅ ናት። ጠዋት በሚኒባስ ትመጣለች፣ ማታ በሚኒባስ ትመለሳለች፤ መንገድ ላይ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው ዳዊት የምትደግም ይመስለዋል። የምትደግመው የኤሌክትሮን አደራደር ነው። እሷም ያንኑ ፈተና ልትፈተን ተመዝግባለች። በምሳ ሰዓት ከካርድ ክፍሉ ጀርባ ካለው ማንጎ ሥር ቁጭ እንልና ትጠይቀኛለች፤ ከሳትሁ ትቆነጥጠኛለች። ያን ሰሞን ግራ ክንዴ የበለዘው በማንጋኒዝ ምክንያት ነው።

እማየ ይህን ሁሉ ስታይ ከርማ አንድ ቀን "ወዳጃ ጠርቻለሁ" አለችኝ። ወዳጃ እኛ ዘንድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ለአንድ ሰው ጉዳይ ባንድ አፍ ዱዓ የሚያደርግበት ነው። ለታመመ ይጠራል፣ መንገድ ለሚሄድ ይጠራል፣ ዝናብ ሲጠፋ ይጠራል። ለኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሲጠራ ግን ሰምቼ አላውቅም።

"ኧረ እማየ፣ ሙያ በልብ ነው!" አልኋት።

"በልብሽ ይዘሽው አይደል እንዴ ሁለቴ የወደቅሽ?" አለችኝ።

ሐሙስ ወደ ማምሻው፣ የአስር ሶላት እንዳበቃ፣ ግቢያችን ሞላ። ጓደኛዬም ሚኒባሷን አሳልፋ ቀረች፤ ከጎኔ ተቀመጠች። ወዳጃውን የሚመሩት የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሽንኩርትና ብርቱካን ያመርታሉ፤ ዱዓቸው መሬት ጠብ አይልም ይባልላቸዋል። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ጫታቸውን ከፊታቸው አድርገው ተመለከቱኝ።

"በይ ልጀ፣ ሐጃሽን ተናገሪ።" ሐጃ የልብ ጉዳይ ነው፤ ሳይናገሩት ዱዓ አይደረግበትም።

"የሐኪምነቱን ፈተና እንዳልፍ ነው አባቴ።"

"ስንት ሰው ይፈተነዋል?"

"ኧረ ብዙ ነው። ከየአገሩ ነው የሚመጣው።"

"ስንቱን ይወስዱታል?"

"ጥቂቱን።"

"እንግዲያ አንች ስትገቢ የሰው ልጅ ይወጣል።"

"እንግዲህ… ውድድር ነው አባቴ።"

ወደ ጓደኛዬ ዞሩ። "ይችስ?"

"እሷም ትፈተናለች።"

"ያንኑ?"

"ያንኑ።"

ግቢው ሙሉ ሰው ጓደኛዬን አየ፤ እሷም እግሯን አየች። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጀ፣ ዱዓ በሰው ልጅ ላይ አይደረግም። ይች ከጎንሽ ተቀምጣ፣ ለዚች ብቻ ክፈትላት ብየ እጀን እንዴት አነሣለሁ? ሌላ ሐጃ አምጭ።"

እማየ በሻሿ አፏን ያዘች። ያን ሁሉ ሰው ጠርታ፣ ያን ሁሉ ዳቦ ጋግራ! እኔ ደግሞ ሳቄ መጣ። ሲጨንቀኝ እስቃለሁ፤ የተፈጥሮ በሽታዬ ነው። ያዳነችን ጓደኛዬ ናት።

"አባቴ፣ ኢንኦርጋኒኩ እንዲገባት ዱዓ ያድርጉላት። ለኔም እንዲገባኝ። እሱ ማንንም አያስወጣም።"

ሽማግሌው አሰቡበት። "እውነቷን ነው። እውቀትማ ለሁሉም ይበቃል" አሉ። ግቢው በሙሉ ተነፈሰ። ከዚያ ግን ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። "ቆይ፣ ኢንኦርጋኒክ ምንድን ነው? የማላውቀውን ነገር ለአላህ እንዴት ብየ እነግረዋለሁ?"

ተነሥቼ ቆምሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዐረፍተ ነገሮቼ ግማሽ በግማሽ እንግሊዝኛ ነበሩ፤ አንዲት ሴትዮ በግልጽ አዛጉ። ድንገት የሽማግሌውን የብርቱካን ማሳ አስታወስሁ።

"አባቴ፣ ለብርቱካኑ በሽታ የሚረጩት ሰማያዊ ዱቄት አለ አይደል?"

"አለ።"

"እሱ ውስጥ መዳብ አለ። ሰማያዊ ያደረገው ግን መዳቡ ለብቻው አይደለም፤ ዙሪያውን የከበበው ውሃ ነው። ምጣድ ላይ ቢያምሱት ውሃው ይሄድና እንደ ዱቄት ይነጣል። ጠብታ ውሃ ካገኘ መልሶ ሰማያዊ ይሆናል።"

"ሱብሐነላህ! ያ ጣቴን የሚያቀልመኝ?"

"እሱ ራሱ!"

ከዚያ በኋላ ማን ይያዘኝ! ስድስት እናቶችን ጎትቼ አስነሣሁና በሽማግሌው ዙሪያ አቆምኋቸው። ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ እንጨት ጫት ሰጠሁ፤ አንዱን ጫፍ እሳቸው እንዲይዙ፣ ሌላውን ጫፍ እናቶቹ እንዳይለቁ። "አንቱ መዳቡ ነዎት። እነዚህ ደግሞ ሊጋንድ ይባላሉ። ያላቸውን ያካፍሉዎታል፤ ግን ሰጥተው አይሄዱም፣ ይዘው ነው የሚቆሙ።"

"ሁለት እጅ ነው ያለኝ፤ ስድስቱን በምን ልያዘው?" አሉ ሽማግሌው። በመጨረሻ ሁለቱን በእጃቸው፣ አራቱን በጋቢያቸው መቀነት ላይ ሰክተን ነገሩ ተፈታ። ልጆች ከአጥሩ ላይ ያጨበጭባሉ፤ እማየ ዳቦውን ረስታ ትስቃለች።

"አሁን ደግሞ አንቱ በደማችን ውስጥ ያለው ብረት ይሁኑ" አልሁ። "ይች እናት የምንተነፍሰው አየር ናት፤ እየያዘች እየለቀቀች ትኖራለች። የከሰል ጭስ ሲመጣ ግን ገፍትሮ ያስወጣትና ቦታዋን ይይዛል፤ አይለቅም።" አርፍደው የመጡ አንዲት ወፍራም ጎረቤታችን "እኔ የከሰሉ ጭስ ልሁን!" ብለው ሳይፈቀድላቸው ገቡ፤ አየሯን በዳሌያቸው ገፍትረው ከአጥሩ አስጠጓትና ጫቱን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። "አልለቅም! ወላሂ አልለቅም!" ሳቁ ዋናው መንገድ ድረስ ተሰምቶ መኪና ይጠብቅ የነበረ ሰው ሁሉ ገብቶ ቆመ።

"ለዚህ ነው ከሰል ቤት አስገብታችሁ አትተኙ የምትይን?" አለች አንዷ፣ ሳቋ እንደ መቆም ብሎ።

"ለዚህ ነው" አልሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በቃሌ ስሸመድደው የኖርሁት ነገር ገብቶኝ ነበር። ወደ ጓደኛዬ ዞርሁ፤ እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ብልህ የሆንሁ መስሎኝ አያውቅም።

ዱዓው ተደረገ። "ያ ረቢ፣ ለነዚህ ልጆች ኢንኦርጋኒኩን አግራላቸው!" አሚን! "መዳቡን አግራላቸው፣ ብረቱን አግራላቸው!" አሚን! "ሊጋንዱን አትንሣቸው!" አሚን! ከመንገድ የገቡት ምን እንደሆነ ሳያውቁ ከሁሉም አብልጠው አሚን አሉ።

ከዚያ ወዲያ መርሳ ላይ መሸሸጊያ አጣሁ። ልጇን ለክትባት ያመጣች እናት ሕፃኑን ሳታስታቅፈኝ "ብረቱ እንዴት ሆነልሽ?" ትለኛለች። ባጃጅ ነጂው "እኔ ወዳጃው አምልጦኛል፣ እስኪ ያን የጫቱን ነገር ንገሪኝ" ብሎ ሞተሩን ያጠፋል፤ ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎችም "ቆይ ትጨርስ!" ይላሉ። ሽማግሌው የደም ግፊታቸውን ሊያስለኩ ሲመጡ፣ ክንዳቸው በመለኪያው ታስሮ፣ "ዛሬስ የት ደረሳችሁ?" ይሉኛል። "ኮባልት ላይ ነን አባቴ።" "ቀለሙስ?" ሳላጠና እንዴት ብዬ ጤና ጣቢያ እገባለሁ? አንድ ሙሉ ከተማ አስጠናኝ። ጓደኛዬ የምትቆነጥጠኝበት ሰበብ ስታጣ ጊዜ በትክክል ስመልስ መቆንጠጥ ጀመረች።

ፈተናውን ወልድያ ተፈተንን። ኬሚስትሪው ላይ ስደርስ ሦስተኛው ጥያቄ ስለ መዳብና ውሃ ሆኖ አገኘሁት፤ ሽማግሌው ጫት በመቀነታቸው ሰክተው ታዩኝና ሳቄ አመለጠኝ። ፈታኟ መጥታ ወረቀቴን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየች። ስንወጣ መልሳችንን እያመሳከርን መንገድ ላይ ጮቤ ረገጥን። ጓደኛዬ በኬሚስትሪው ከእኔ በሁለት ጥያቄ ትበልጥ ነበር፤ እንግሊዝኛውን ግን አላመሳከርንም። ስፕሪስ ጠጣን፤ እሷ ሁለት ብርጭቆ።

ውጤቱ የወጣ ቀን እሷ እረፍት ወጥታ ወልድያ ነበረች። እኔ የአንድ ገበሬ ክንድ በጥጥ እየጠረግሁ ስልኬ ጠራ። ሳነሣው ቃል የለም፤ እልልታ ብቻ ነው።

"ገብተሻል! ስምሽን አየሁት! ገብተሻል!"

ጮህሁ። ገበሬው እጅጌውን ሳያወርድ ሸሽቶ በር ላይ ቆመ፤ ሲነግሩት ተመልሶ መረቀኝ። እኔ ግቢው ውስጥ እሮጣለሁ፤ ወደ ካርድ ክፍሉ፣ ወደ ማንጎው፣ ወደ በሩ፣ የት እንደምሄድ አላውቅም። እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም፤ እግሬ የእኔ አልነበረም።

"አንችስ?" አልኋት ትንፋሼ ሲመለስ።

"የኔን ገና አላየሁትም። ያንችን ነው መጀመሪያ የፈለግሁት።"

"እይዋ!"

"ቆይ።"

ጠበቅሁ። በስልኩ ውስጥ የወልድያ ባጃጆች ጥሩምባ ይሰማኛል። በዚያች ደቂቃ ከዝርዝሩ ላይ ማንንም የሰው ልጅ አውጥተው እሷን ቢያስገቡልኝ፣ ማን ነው፣ የማን ልጅ ነው ሳልል እጄን ዘርግቼ አሚን እል ነበር።

"የለሁም" አለች።

"ደግመሽ እይ።"

"ሦስቴ አየሁት። የለሁም።"

ማንጎው ሥር ቁጭ አልሁ። እንባዬ መጣ፤ እሷ ግን አላለቀሰችም።

"በይ አታልቅሽ። ጥያቄ ጠይቂኝ" አለች።

"የምን ጥያቄ?"

"ለከርሞ ነው። ጠይቂኝ ብየሻለሁ።"

አፍንጫዬን በጋውኔ እጅጌ ጠርጌ ጠየቅኋት። የክሮሚየምን የኤሌክትሮን አደራደር ጠየቅኋት፤ ሳትተነፍስ ነገረችኝ። ዚንክ ለምን ቀለም እንደሌለው ጠየቅኋት፤ ሁሉም ሞልቶ ኤሌክትሮኑ የሚዘልበት ባዶ ቦታ ስለሚያጣ ነው አለችኝ። ማንጋኒዝን ጠየቅኋት፣ ኮባልትን ጠየቅኋት፣ እኔ ራሴ መልሱን የማላውቀውንም ጠየቅኋት። አንዱንም አልሳተችም።