ያላጠፋሁት መስመር

ረቡዕ ዕለት ሱቁን የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። ወንድሜ ትንሽ ዘግይቶ ሁለት ማንጎ ይዞ መጣ። አንዱን ወረወረልኝ፣ ሌላውን ፕሪንተሩ ላይ አስቀመጠው።

"ብላ" አለኝ፤ "ዛሬ ጭንቅላት የሚጠይቅ ሥራ አለ፤ ካለህ።"

ሱቃችን አሶሳ ገበያ አጠገብ ናት። ፎቶ ኮፒ እናነሳለን፣ ማመልከቻ እንጽፋለን፣ የጉርድ ፎቶ እናወጣለን። ወንድሜ ስምንት ዓመት ይበልጠኛል። ኮሌጅ ኮምፒውተር ተምሮ ነው ሱቁን የከፈተው። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም፤ እሱ ጋ መሥራት ጀመርኩ። በመጨረሻው ዓመት ለማኅበራትና ለትንንሽ ድርጅቶች ድረ ገጽና ኢሜይል መሥራት ጀምሮ ነበር። ያን ሥራ ይወደው ነበር።

ያን ሰሞን የያዝነው የሆሞሻ የቀርከሃ ሠራተኞች ማኅበርን ሥራ ነበር። ጾሬ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ የሚሠራ አንድ የእርዳታ ድርጅት የቀርከሃ ምንጣፍ ሊገዛ ዋጋ አቅርቡ ብሏል። ማብቂያው ዓርብ ስድስት ሰዓት ነው። ዋጋው ተጽፎ ማኅተም ያረፈበት ዋናው ወረቀት በእጅ ይሰጣል፤ ካልሆነ ወረቀቱ ስካን ተደርጎ ከማኅበሩ ከራሱ ኢሜይል ይላካል። ከግል ኢሜይል የመጣ አይታይም። ባለፈው ዓመትም እንዲህ ያለ ዕድል ነበራቸው። በኢሜይል ላኩ፤ ደብዳቤው ገዢው ጋ ስፓም የሚባለው የአጠራጣሪ መልእክት መጣያ ውስጥ ወድቆ ማንም ሳያየው ቀኑ አለፈ። የተሠራው ምንጣፍ ቤት ውስጥ ተከምሮ ነቀዝ በላው። ዘንድሮ ወደ ወንድሜ የመጡት ለዚህ ነው። እሱም "ይደርሳል፣ በእኔ ይሁንባችሁ" አላቸው።

ለማኅበሩ በራሱ ስም ዶሜይን፣ የኢንተርኔት አድራሻ ማለት ነው፣ ገዛላቸው፤ ድረ ገጽና ኢሜይል ከፈተላቸው። ሞክረን ወደ ወንድሜ የግል ሣጥን ስንልክ ግን ያም ስፓም ውስጥ ገባ።

"ቤትህ መጥቶ 'የእገሌን ደብዳቤ ይዣለሁ' የሚልህን ሁሉ ታምናለህ?" አለኝ ወንድሜ።

"መታወቂያ አሳየኝ እለዋለሁ።"

"ተቀባዩም እንደዚያ ነው የሚለው። እኛ ደግሞ መታወቂያ አላወጣንም።"

ከዚያ በጣቱ እየቆጠረ አስረዳኝ። ሦስት ነገር ነው አለ፤ ሦስቱም ዶሜይኑ ላይ የሚመዘገቡ መስመሮች ናቸው። የመጀመሪያው ኤስፒኤፍ ይባላል። በር ላይ እንደሚለጠፍ ማስታወቂያ ነው፤ "በእኔ ስም ደብዳቤ የሚያደርሱት እነዚህ ናቸው፣ ሌላ የለም" ይላል። ሁለተኛው ዲኪም ነው፤ እሱ ማኅተም ነው፣ በመንገድ ላይ ደብዳቤውን ማንም እንዳልነካው ያሳያል። ሦስተኛው ዲማርክ ነው፤ ከሁለቱ ሳይስማማ የመጣውን ምን እንደሚያደርገው ለዘበኛው የሚሰጥ ትእዛዝ ነው።

"ሁለቱን እኔ እሠራለሁ" አለ። "አንተ የመጀመሪያውን ሥራ። ዶሜይኑን የሸጡልን ሰዎች ያስቀመጡት አሮጌ መስመር አለ። የድረ ገጹ መልእክት አሁንም በነሱ በኩል ነው የሚወጣው። ስለዚህ የነሱንም የአዲሱንም የኢሜይል አገልግሎት ስም አንድ መስመር ውስጥ አስገባና አሮጌውን አጥፋው። ገባህ?"

"ገብቶኛል ጋሼ።"

"ኢንጂነር!" ብሎ ጀርባዬን መታኝ።

አዲሱን መስመር ጻፍኩ። ሁለቱንም ስሞች አስገባሁ፣ አስቀመጥኩ። ከዚያ አሮጌውን ለማጥፋት ስነካው ማሽኑ "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ ጠየቀኝ። እርግጠኛ አልነበርኩም።

ከጥቂት ወራት በፊት የአንድ ሆቴል ዶሜይን ላይ አንድ መስመር አጥፍቼ ነበር። ሆቴሉ ሁለት ቀን ሙሉ ኢሜይል አልደረሰውም። ባለቤቱ ሱቅ ድረስ መጥቶ በሰው ፊት ወንድሜ ላይ ጮኸ። ወንድሜ ወደ እኔ አላየም። "ጥፋቱ የእኔ ነው" ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ እጄ ማጥፋት ይፈራል።

እና ተውኩት። ሁለቱም ይኑሩ አልኩ። ቀበሌ ስንሄድ ምስክር አምጡ እንባላለን፤ አንድ ከሚቆም ሁለት ቢቆም ይሻላል፣ ቢበዛ አይጎዳም። መስመሩም እንደዚያ መሰለኝ። አንዱ ባያስረዳ ሌላው ያስረዳል ብዬ ነው።

ወንድሜ አንድ ሕግ ነበረው። የሰው ዶሜይን ላይ የተነካ ነገር ሁሉ ደብተር ላይ ይጻፋል፤ ምን እንደነበረ፣ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደነካው። "ኮምፒውተር የዛሬውን ብቻ ነው የሚያሳይህ" ይል ነበር። ደብተሩን አውጥቼ "ሁለቱ አንድ ሆነዋል፣ አሮጌው ጠፍቷል" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ለምን እንደዚያ እንደጻፍኩ አሁንም በደንብ መናገር አልችልም። ፈርቼ ተውኩት ብዬ ለመጻፍ አፈርኩ መሰለኝ።

እሱም ረጅሙን የዲኪም ማኅተም ቁልፍ አስገብቶ፣ ዲማርኩን ጽፎ ጨረሰ። ደብተሩ ላይ "ማኅተሙን ማስጀመር፦ ነገ" ብሎ አሰፈረ። ቁልፉ እስኪታይ ጊዜ ይፈልጋል፤ ከዚያ ኢሜይሉ ገጽ ላይ "ጀምር" የሚለው ይነካል። ከሰዓት አንድ ሰው ከሆሞሻ በሚኒባስ መጥቶ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ሰጠን፤ ስካን አደረግነው። ማታ ወደ ቤት ስንሄድ ካፊያ ነበር። ወንድሜ ጢሜ መብቀል መጀመሩን አይቶ "በቆሎ ወፍ የበላው ይመስላል" ብሎ መንገዱን ሙሉ ሳቀብኝ። ያ ቀን ይኸው ነው። ሌላ ምንም አልነበረበትም።

ሐሙስ ጠዋት ኔትወርክ አልነበረም። ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተሩ ምንም ገጽ አልከፍት አለ። በወንድሜ ስልክ አልፎ አልፎ ይመጣ ነበር። በዚያ አንድ መሞከሪያ ላከ፤ ስፓም። ሌላ ላከ፤ ስፓም። በሩ ላይ ቆሞ ስልኩን ከፍ አድርጎ ያየው ነበር።

"በዚህ ኔትወርክ ነገን ማመን አልችልም" አለ። "ዋናው ወረቀት እጃችን ላይ ነው፤ ራሴ ላድርሰው። ጾሬ ሩቅ አይደለም።"

ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ሞተር ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ካስነሳው በኋላ መልሶ አጠፋው።

"አንተ፣ አሮጌውን መስመር አጥፍተሃል አይደል?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ችግሩ ሌላ ነው" አለና ሄደ።

አላጠፋሁም ብለው ኖሮ ከሞተሩ ይወርድ ነበር። ያንን አውቃለሁ። ተቀምጦ በስልኩ ቢሆንም ለማስተካከል ይታገል ነበር፤ ጠባዩ ነው።

አራት ሰዓት አልፎ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ዝናብ ነበር። ወደ ጾሬ በሚወስደው የሆሞሻ መንገድ ላይ፣ ኩርባ ላይ፣ አሸዋ የጫነ መኪና ነው አሉኝ። ሆስፒታል ስንደርስ አልቆ ነበር። ቦርሳውን ፖሊስ ይዞታል። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ቤተሰባችን ከወሎ ለሰፈራ የመጣ ነው፤ ሙስሊም ነን። ሬሳ አይቆይም። ከአሱር ሶላት በፊት መቃብር ደረስን። ጀናዛው ላይ ከመሰገዱ በፊት ከቤተሰብ አንድ ሰው ቆሞ፣ ሟች ላይ ሃቅ፣ ዕዳ ወይም በደል ማለት ነው፣ ያለው ካለ ይጠይቃል፤ ያ ሰው ወይ አውፍ ይላል፣ ይቅር ይላል ማለት ነው፣ ወይ ከቤተሰቡ ይቀበላል። አባቴ ሊቆም ሞክሮ ድምፅ አልወጣ አለው። በክርኑ ነካኝ። ቆምኩ።

"ወንድሜ ላይ ሃቅ ያለው ካለ እኔን ይጠይቀኝ" አልኩ።

"አውፍ ብለናል፣ አውፍ ብለናል" አለ ሰው ሁሉ። የሆቴሉም ባለቤት ነበር፤ እሱም አለ።

ወደ ማታ የማኅበሩ ሰብሳቢ ከሆሞሻ መጣች። ሸምገል ያለች የበርታ ሴት ናት፤ አማርኛን በኋላ ነው የለመደችው። ከሴቶቹ ጋር ትንሽ ተቀምጣ አስጠራችኝና እጄን ያዘች።

"ልጄ፣ ወንድምህ ጥሩ ሰው ነበር። የኛ ወረቀት ይዞ ነው የሞተው። የነገ ነገር ይቅር። እኛ አውፍ ብሏል።"

"ምንጣፉስ?" አልኳት።

"ምንጣፍ ምን አለ? ካልተሸጠ እንተኛበታለን።" ልታስቀኝ ፈልጋ ነው። ከዚያ ዓይኗን ጠረገች። "ዛሬ እዚሁ ዘመድ ቤት ነው የማድረው። በርታ።"

አውፍ ያለችው እሱን ነበር። እሱ ደግሞ ምንም አላጠፋም። እሺ አልኳት።

ዓርብ ጠዋት ከሱብሒ ሶላት በኋላ አባቴ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጠ። እኔ የሱቁን ቁልፍ ይዤ ወጣሁ። መዝጊያውን በግማሽ ከፍቼ ስገባ ጎረቤታችን ባለ ልብስ ስፌቱ አየኝ።

"አንተ! የወንድምህ አፈር ሳይደርቅ ሱቅ ትከፍታለህ?"

"እየሠራሁ አይደለም" አልኩት። ውሸት ነበር።

"ታዲያ ምን ልታደርግ ገባህ?"

 ደንበኛ እንዳይመጣ መዝጊያውን ከውስጥ ሳብኩት።

ኔትወርክ ተመልሷል። ወንድሜ መስመሮችን የሚፈትሽበት ገጽ ነበረው፤ ሐሙስ አልከፈት ያለው እሱ ነው። የማኅበሩን ዶሜይን አስገባሁ። በቀይ የተጻፈው ብዙ አልነበረም፤ በእኔ እንግሊዝኛ እንኳ ይነበባል። ኤስፒኤፍ መስመር ከአንድ በላይ ተገኝቷል፣ ስለዚህ አንዱም አይሠራም ይላል። ምስክር ሲበዛ ይጠነክራል ብዬ ነበር። እዚህ ግን ሁለት ማስታወቂያ ካለ የቱ እውነት እንደሆነ ስለማይታወቅ ተቀባዩ ሁለቱንም ይተዋል።

ወደ ዶሜይኑ ገጽ ሄድኩ። አዲሱን መስመር እንደገና ፊደል በፊደል አነበብኩት፤ ሁለቱም ስሞች ውስጡ አሉ። አሮጌውን ደብተሩ ላይ ገለበጥኩ። ከዚያ አጥፋ የሚለውን ነካሁ። እርግጠኛ ነህ አለኝ። አዎ አልኩ።

ቀጥሎ ኢሜይሉ ገጽ ላይ ገብቼ የማኅተሙን "ጀምር" ነካሁ። እሱን ወንድሜ ሐሙስ ሊያደርገው ነበር፤ ኔትወርክ ከለከለው። ስለዚህ መስመሩን በጊዜው ባጠፋው ኖሮም ደብዳቤው ስፓም ይገባ ይሆናል። ዶሜይኑ ራሱ አዲስ ነው። አላውቅም። ይህን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ የሚያውቅ ሰውም የለም። የማውቀው አዎ ማለቴን ነው።

ለውጡ እስኪታይ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ተቀመጥኩ። የረቡዕ ማንጎው ፕሪንተሩ ላይ ነበር፤ አንድ ጎኑ ጠቁሯል። ከውጭ ባለ ልብስ ስፌቱ ለሌላ ሰው "ልጁ ውስጥ ነው፣ ተዉት፣ ያልቅስ" ሲል ሰማሁት። አላለቀስኩም። ሰዓቱን ነበር የማየው።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ራሴ ሣጥን መሞከሪያ ላክሁ። ስፓሙን ከፈትኩ፤ የለም። ዋናው ሣጥን ውስጥ ነበር። ዝርዝሩን ስከፍት ሦስቱም መስመሮች አልፈዋል ይላል። በአንድ ጊዜ አላመንኩም፤ ደግሜ ላክሁ። ገባ።

ያን ጊዜ ስካን የተደረገውን ወረቀት አያይዤ ከማኅበሩ አድራሻ ወደ ድርጅቱ ላክሁት። የተጻፈውን ነገር አልነካሁም፤ ወንድሜ ረቡዕ ያዘጋጀው ነበር፣ እንዳለ ሄደ። አራት ሰዓት ሊሞላ ሲል መልስ መጣ። አንድ ሰው የጻፈው አጭር ነገር ነው፤ ዋጋችሁ በጊዜው ደርሶናል፣ ውጤቱን እናሳውቃለን ይላል። ይግዙ አይግዙ ያን ጠዋት አልታወቀም። መድረሱ ግን ታወቀ።

ደብተሩን ሳብኩ። ረቡዕ የጻፍኩትን በአንድ መስመር ሰረዝኩት፤ ከሥሩ እንዲነበብ ነው። አጠገቡ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ረቡዕ አሮጌው አልጠፋም ነበር። ጠፍቷል ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሐሙስም በአፌ ደግሜዋለሁ። ዓርብ ጠዋት ጠፍቷል፤ ማኅተሙ ተጀምሯል፤ ደብዳቤው ደርሷል።" ፈረምኩ።

ደብተሩን ይዤ፣ ሱቁን ቆልፌ ወደ ድንኳኑ ተመለስኩ። ሰብሳቢዋ አባቴ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። መልሱን በስልኬ አሳየኋት።

"ደረሰ?"

"ደርሷል።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች። "አሁን ብላ፣ ልጄ፤ ፊትህ ጠፍቷል።"

አልበላሁም። ደብተሩን በዚያ ገጽ ከፍቼ ለአባቴ ሰጠሁት። መነጽሩን አደረገ። ቀስ ብሎ አነበበ፣ እንደገና አነበበ።

"አሮጌው ምንድን ነው?" አለኝ። "ምንድን ነው ያልጠፋው?"

ሰብሳቢዋም ወደ እኔ ዞረች። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከየት እንደምጀምር አላውቅም ነበርና ወንድሜ ለእኔ ከጀመረበት ጀመርኩ።

"አባዬ" አልኩት፤ "ቤትህ መጥቶ የእገሌን ደብዳቤ ይዣለሁ የሚልህን ሁሉ ታምናለህ?"