ጭሱን ሊለካ የመጣው ሰውዬ

ረቡዕ ጠዋት፣ ከደሴ

ከደሴ የተነሣሁት ጭስ ልስል ነው። ሲጻፍ ያሳፍራል። በዚያ ሰሞን ሰው መንገድ የሚወጣው ለቀብር፣ ለሕክምና ወይም ጦርነት ለመሸሽ ነበር። እኔ ግን በአፋር በረሃ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፣ ጭሱም ከአምባሰል ጫፍ ይታያል ሲሉኝ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ዕድሜ ልኩን የማይነቃነቅ ተራራ ሲስል ይኖራል፤ ተራራው ራሱ ተነሥቶ አገሣ ሲሉት እንዴት ቤቱ ይቀመጥ? በተማሪነቴ መምህራችን እንዲህ ያለ ተራራ ሥር ቆመው ሲስሉ ጫማቸው ስለተቃጠለ የባሕር ማዶ ሠዓልያን ሲያወራልን እስቅ ነበር። አሁን ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ፈሪ ነኝ፣ ሄድኩ።

ሚኒባሱ እስከ ሐይቅ መቶ ሃምሳ ብር አስከፈለን። በዛ ብንል ረዳቱ «መንገዱ በተከፈተበት ቀን ነው የምትሄዱት፣ አመስግኑ» አለን። ሐይቅ ከተማ ወርጄ የተጠበሰ ዓሣ አዘዝኩ። አስተናጋጇ ሳህኑን ከማስቀመጧ በፊት ጠረጴዛው ላይ የተኛውን ግራጫ ብናኝ በጨርቅ ጠረገች። «ከሰማይ የሚወርደውንም እኛው እንጥረግ?» አለች። ሐይቁ ዳር ያለው ቄጠማም ያንኑ ብናኝ ለብሷል። ዓሣውን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ኬላው

ከሐይቅ ውጫሌ በሌላ መኪና ደረስኩ፤ ከዚያ ኑሩ የሚባል ጎልማሳ በባጃጁ ጫነኝ። ከከተማው ወጣ እንዳልን ወታደሮች አስቆሙን። አንደኛው ባለሦስት እግር የሥዕል ማቆሚያዬን አውጥቶ አገላበጠው። ቀጥሎ ደብተሬን ገለጠ፤ ተራራ፣ ገደል፣ መንገድ፣ ደግሞ ተራራ። በጦርነት ጊዜ ተራራና መንገድ እየሳለ የሚዞር ሰው ምን ሊባል እንደሚችል የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

«ይህ ለማን ነው የሚሄደው?» አለኝ ወታደሩ።

ኑሩ ቀደመኝ። «የእሳቱ ባለሙያ ናቸው። ጭሱን ሊለኩ ነው የመጡት።»

እኔ እንዲህ አላልኩትም፤ ማቆሚያዬን አይቶ ራሱ የደመደመው ነው። ወታደሩ ዕቃዬን በአክብሮት መለሰልኝ። «እሳቱ ወደዚህ ይመጣል እንዴ?» ሲለኝ «አይመጣም» አልኩ። እሱንም ቢሆን አላውቅም።

ገደሉ ጫፍ ላይ

ባጃጅ ከማይወጣበት ጀምሮ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ወጣን። መንደሩ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ከፊቱ ቆላው ተዘርግቷል፤ ከቆላው ማዶ፣ ከአድማሱ በላይ፣ ጭሱ ቆሟል። ቡናማ ነው፣ ከሥሩ ቀጭን፣ ከላይ የተንሰራፋ። ማቆሚያዬን ተከልኩ፤ እርሳሴን በእጄ ዘርግቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ቁመቱን ለካሁ። ሠዓሊ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ዘወር ስል ግን መንደሩ በሙሉ ከኋላዬ ቆሞ ያየኛል፤ ኑሩም ማን እንደሆንኩ ነግሯቸው ጨርሷል።

ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ ከባለቤታቸው ከዘሐራ ጋር ቀረቡ።

«ኧረ እንኳን መጡልን! ሦስት ቀን ሙሉ አቤት ብንል የሚመጣ ጠፋ። እስቲ ይንገሩን አንቱ፣ ይኸ አመድ የወረደበትን ሣር ከብት ቢግጠው ይጎዳዋል? ላማችንን አስረን ገለባ ስናበላ ሰነበትን፤ እሱም ዛሬ አለቀ» አሉ ሰይድ።

ሠዓሊ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ወሬው ወደ ኬላው ሲወርድ ታየኝ፤ ደብተሬ እንደገና ሲገለጥ ታየኝ።

«ግድ የለም» አልኩ። «ስስ ነው፣ አይጎዳም።»

ዘሐራ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «አላህ ያክብርዎ» አሉኝና ላሚቱን ሊፈቱ ሄዱ። እኔ እስከ ማታ ሳልኩ። እጄ እንደዚያ ቀን ታዞልኝ አያውቅም፤ ሳስበው የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ሐሙስ፣ ውጫሌና ወደ ላይ

ውጫሌ አልጋ ይዤ አደርኩ። ጠዋት ሻይ ቤት ከቆላ የወጣ ነጋዴ ለጓደኛው ሲያወራ ሰማሁ፤ አመድ የበላ ከብት ማመስኳት ያቆማል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ከዚያ ይወድቃል ይላል። የደሴ መኪና ሊወጣ ነበር። አልዋሽም፣ አንድ እግሬን አስገብቼ ነበር። የዘሐራ እጆች ታዩኝና ወረድኩ።

ኑሩን ፈልጌ እውነቱን ነገርኩት።

«ሠዓሊ? እኔን ወታደር ፊት አስዋሹኝ?» አለ። ፊቱ ተለዋወጠ። ባጃጁን አስነሥቶ «ይግቡ» አለኝ። ኬላው ላይ ያው ወታደር እጁን አንሥቶ ሰላምታ ሰጠኝ።

ላሚቱን ሰይድ ደጃፍ ላይ ተኝታ አገኘኋት። ቡሬ ናት፣ ያረገዘች። ሆዷ ተነፍቷል፤ መንጋጋዋ አይንቀሳቀስም።

«እኔ ባለሙያ አይደለሁም» አልኩ ቆሜ። «ሥዕል ነው የምስለው። ስለ አመድ የማውቀው የለም። ፈርቼ ነው የዋሸሁት።»

ሰይድ አንቱታውን ተዉት።

«እዚህ ቁጭ በል። ያስፈታሃት አንተ ነህ። ወይ ታመሰኳለች፣ ወይ ትሞታለች፤ አይተህ ትሄዳለህ።»

ዘሐራ ተልባ በውሃ በጥብጠው መጡ። እኔ ቀንዷን ያዝኩ፤ ሰይድ በአፏ አንቆረቆሩላት። ሆዷን በየተራ አሸን። ዘሐራ በየመሃሉ ለራሳቸው «ያ ረቢ፣ የልጅ ልጆቼን ወተት» ይላሉ።

ከቀትር በኋላ ከጀርባዬ ሰማዩ ተጉረመረመ። ሰዉ እየጮኸ ወደ ገደሉ ጫፍ ሮጠ። ሌላ ጭስ ወጣ፣ ሥሩ ቀላ፣ ይላሉ። ከቤቴ የወጣሁት ለዚያች ሰዓት ነበር። አልዞርኩም፤ ከዞርኩ ላሚቱ የምትሞት መሰለኝ። ኬላው ላይ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም። ዓይኔን ከመንጋጋዋ ሳልነቅል ተቀመጥኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ግድም አንገቷ ውስጥ የሆነ ነገር ከታች ወደ ላይ ሲሄድ አየሁ። መንጋጋዋ ወደ ግራ ዞረ። ቆመ። እንደገና ዞረ።

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው ዘሐራ መሬት ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ማንም አላባበለኝም።

ሰይድ ልብሳቸውን አራገፉ። «አብሽር» አሉኝ። «በል ሳይመሽ ውረድ። ስልክህን ግን ጻፍልኝ።»

ዓርብ፣ ደሴ

ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ የረቡዕን ሥዕል ወዳው ልስቀለው አለች፤ ከለከልኳት። ጉዞው ያስተማረኝን በአጭሩ ልናገር። ፍርሃት ያለ ነው፣ ማንንም ይይዛል። እኔን ያዋረደኝ ፈርቼ አዋቂ መምሰሌ ነው።

ከዚያ ወዲህ ኔትወርክ በተመለሰ ቁጥር ሰይድ ይደውላሉ። ባለፈው ሳምንት አመዱ እንደገና ወርዶባቸው «ኩሬውን ከብቱ ይጠጣው ወይ?» አሉኝ። ያነጋገርኩት የእንስሳት ሐኪም ሳላይ አልናገርም፣ ለማየትም መንገዱ አያስኬደኝም ብሎኛል።

«አባቴ፣ እኔ እኮ ሠዓሊ ነኝ፤ አላውቅም» አልኳቸው።

«እሱንማ አወቅነው» አሉ። «ታዲያ ሌላ ማንን እንጠይቅ?»